የራሴን መርዶ የቀደምኩበት እሁድ

ለስድስት ዓመት ሳስተምረው የኖርኩትን አንድ የእንግሊዝኛ አባባል፣ ትርጉሙን በትክክል ያወቅኩት የራሴ መርዶ ሊነገር በታሰበበት እሁድ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ዛሬ እኔም እስቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን እንኳን ልስቅ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር።

እንድርያስ እባላለሁ፤ ቦዲቲ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ትዳር አልያዝኩም፣ ማርፈድ ደግሞ ፈጽሞ የማያሳፍረኝ ሰው ነበርኩ። ርእሰ መምህራችን ስብሰባ ሲጠሩ "እንድርያስ ከገባ እንጀምር፤ እሱ ከመጣ የቀረ ሰው የለም ማለት ነው" ይሉ ነበር። እኔም ከሌላው ጋር አብሬ እስቃለሁ። ማርፈዴ ማንንም የሚጎዳ አይመስለኝም ነበር፤ ቢበዛ ሻይ ይቀዘቅዛል።

እናቴ በዴሳ ነው የምትኖረው። ቤት ውስጥ የምናወራው ወላይትኛ ነው፣ እናትንም "አዬ" ብለን ነው የምንጠራት፤ እዚህ በአማርኛ የምጽፍላችሁ ንግግሯ ሁሉ በወላይትኛ የተባለ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ለእኔ ያለችኝ እሷ ናት፣ ለእሷም ያለሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ እሁድ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ልቧን ታማ ሶዶ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ስትወጣ ሐኪሙ እኔንና አጎቴን ጋሼ ጳውሎስን ኮሪደር ላይ አቆመን። ጋሼ ጳውሎስ የአዬ ታናሽ ወንድም፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው።

"መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውሰድ፣ ጨው ትቀንስ" አለን ሐኪሙ። "ከሁሉም በላይ ግን ድንገተኛ ድንጋጤ እንዳያገኛት አደራ። ልቧ አሁን አይችለውም።"

ያቺን "አይችለውም" የምትለዋን ቃል ሁለታችንም ይዘናት ወጣን። ከዚያ በኋላ ጋሼ ጳውሎስ አዬ ቤት ሲገቡ እንኳ በሩን ቀስ ብለው ነው የሚያንኳኩት።

ታሪኬን ግን ከዓርቡ ክፍለ ጊዜ ብጀምርላችሁ ይሻላል። የዕለቱ ትምህርት ጊዜን የሚመለከቱ የእንግሊዝኛ አባባሎች ነበር። ሰሌዳው ላይ "ኢን ዘ ኒክ ኦፍ ታይም" የሚለውን ጻፍኩና እንደ ወትሮዬ "በሰዓቱ፣ ልክ በሰዓቱ ማለት ነው" ብዬ ላልፍ ስል ሕይወት እጇን አወጣች። ሕይወት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ያልገባትን ነገር ገባኝ ብላ የማታውቅ ተማሪ ናት።

"ቲቸር፣ 'ኦን ታይም' የሚለውንም በሰዓቱ ማለት ነው ብለውን ነበር። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ሆኑ?"

"ያው ናቸው። ይኼኛው ጠንከር ያለ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው 'ደወል ሲደወል ኢን ዘ ኒክ ኦፍ ታይም ክፍል ገባሁ' ብል ልክ ነው?"

"ልክ ነው።"

"ክፍል መግባት ምኑ ጠንከር ይላል ታዲያ?"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። "ሰኞ በሰፊው አብራራለሁ" ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁ። ሰኞ ያልኩት መልሱን ስለማላውቀው ነው። እኔ ራሴ መምህሬ የነገሩኝን ነው የምደግመው፤ በስድስት ዓመት አንድ ቀን መዝገበ ቃላት ገልጬ አይቼው አላውቅም።

እሁድ አዬ ከሕመሟ ስለ መዳኗ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ምስጋና የምታቀርብበት ቀን ነበር። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ይጀምራል፣ ስድስት ላይ ያልቃል። "አጠገቤ ትቀመጣለህ። ደግሞ እንዳታረፍድ" ብላኛለች ሦስት ጊዜ በስልክ። ለምስጋናው ብዬ አዲስ ቀሚስ ቦዲቲ አሰፍቼላት ነበር። የሰፉላት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ቦዲቲ ላይ የቀሩ፣ እጃቸው ወርቅ፣ ቀጠሯቸው ግን ከእኔ የባሰ። ረቡዕ ያሉኝ ዓርብ ሆነ፣ ዓርብ ያሉኝ እሁድ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ሆነ።

አስራ ሁለት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። የሶዶ ሚኒባስ እየሞላ ስለነበር ቦርሳዬን ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጬ ቦታ ያዝኩ። ስልኬም ቦርሳው ውስጥ ነው። "ልብስ ሰፊው ጋ ደርሼ መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ" አልኩት ሾፌሩን።

ጋሽ ወልዴ ሱቃቸውን ከፍተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ቁልፍ ይተክላሉ።

"ቁጭ በል፤ ሁለት ቁልፍ ነው የቀረኝ።"

"ጋሽ ወልዴ፣ መኪናው ይሄድብኛል።"

"ይሂድ። መኪና ሞልቷል። እናትህ ሰው ፊት ቁልፏ ተንጠልጥሎ ትቁም ነው የምትለኝ?"

ሁለቱ ቁልፍ አምስት ሆነ። ከዚያ ደግሞ "አንዴ ልተኩሰው" አሉ። ቀሚሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ እየሮጥኩ ስመለስ ሚኒባሱ ቦርሳዬንና ስልኬን ይዞ ሄዷል።

ብዙም አልተናደድኩም። ሶዶ መናኸሪያ ያስቀምጡልኛል ብዬ ሁለተኛው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ወደ መናኸሪያ አይሄድምና ሞልቶ የተነሳው ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። መቼም ደርሼ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፣ አዬም ትቆጣና ይበርድላታል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ትንሽ እንደሄድን መኪና ተደርድሮ ቆሟል። ወርደን ስናይ አንድ ሚኒባስ ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። የተሰነጠቀ የፊት መስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ቦርሳዬን ያስቀመጥኩበት መኪና ነው።

"የሞተ አለ?" አልኳት መንገድ ዳር አቮካዶ የምትሸጥ ሴትዮ።

"ጌታ ይመስገን፣ አንድም ሰው አልሞተም። እጁ የተሰበረ አለ፣ ጭንቅላቱ የተፈነከተ አለ። በአይሱዙ ጭነው ወደ ሶዶ ወስደዋቸዋል።"

ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ቦይው ውስጥ ተጨፍልቋል። የእኔ ቦታ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቀሚስ ታቅፌ፣ ጋሽ ወልዴንና ቁልፎቻቸውን በልቤ ባረክኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማርፈዴ ያኮራኝ ጊዜ የለም።

መንገዱ ተከፍቶ ሶዶ ስንገባ አራት ሰዓት አልፏል። መናኸሪያው ላይ ስጠይቅ ዕቃው ከቁስለኞቹ ጋር ሆስፒታል ነው አሉኝ። ሄድኩ። በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዬን የያዘው ሰው ክንዱ ተሰብሮ ጄሶ እየተደረገለት መሆኑን ነገረኝና ውጭ ጠብቅ አለኝ። ጠበቅኩ። ሻይ ጠጣሁ፣ ብስኩት በላሁ፣ ለአጠገቤ ሰው ሁሉ እንዴት እንደተረፍኩ አወራሁ። የአዬ ምስጋና እንዳመለጠኝ ገብቶኛል፤ ግን ከሞት ተርፌ መጣሁ ስላት ይቅር ትለኛለች ብዬ ነው። ያንን ተዝናንቼ የተቀመጥኩበትን አንድ ሰዓት ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰውየው ወጡ። አቶ ደሳለኝ ይባላሉ፣ የቦዲቲ የእህል ነጋዴ፣ ግራ ክንዳቸው አንገታቸው ላይ ታስሯል። ቦርሳዬን በደህናው እጃቸው አቀበሉኝ።

"ባለቤቱ አንተ ነህ? ተመስገን። ውስጥ ነበርክ ብዬ ስፈልግህ ነበር እኮ። ስልክህ ግን ይቅርታ፣ ከእጄ ወድቆ ተሰባበረ። አጎትህ ሲደውሉ እያነጋገርኳቸው አይሱዙው ላይ ሲያወጡኝ ነው ያመለጠኝ።"

"አጎቴ ደወሉ?"

"ጋሼ ጳውሎስ ይላል። አነሳሁና ነገርኳቸው።"

"ምን ብለው ነገሯቸው?"

አቶ ደሳለኝ ሰውን ላለማስደንገጥ የሚጠነቀቁ፣ መልካም ሰው ናቸው። "ምን እላለሁ፣ እንዳይደነግጡ ነው የጣርኩት። 'አይዞዎት፣ መኪናው ትንሽ አደጋ ደርሶበታል፣ ብዙም አይደለም፣ ብቻ ቶሎ ሶዶ ሆስፒታል ኑ' አልኳቸው። 'ራሱን አገናኙኝ' አሉ። አንተን ስላላየሁህ 'አሁን ሊያነጋግርዎት አይችልም' አልኩ። ከዚያ ወደቀብኝ።"

አጎቴ ሞቻለሁ ብለው አምነዋል ማለት ነው።

ምክንያቱን ለእናንተ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም፣ ግን ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። አባቴ ሲያርፍ ኮሌጅ ነበርኩ። ጋሼ ጳውሎስ ደውለው "አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ብዙም አይደለም፣ ቶሎ ና" አሉኝ። "ብዙም አይደለም" ሲሉኝ ነው ያለቀስኩት። ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሁላችንም እንዲህ ተነግሮን ያደግን ነን፤ "ሞተ" የሚለውን ቃል ሳንሰማ፣ ስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይዞህ" ያለንን ሰው ሰምተን ነው ጥቁር የምንለብሰው። አቶ ደሳለኝ እውነቱን አንድ በአንድ ነግረዋቸዋል። ጋሼ ጳውሎስ ደግሞ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዘበኛው ንግግራችንን ሲሰማ ጠጋ አለ። "አንተ ነህ እንዴ መምህር እንድርያስ? ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰውዬ መጥቶ ስምህን ጠየቀን። ከቁስለኞቹ መዝገብ ላይ የለም አልነው። የለም ስንለው ራሱን ይዞ እያለቀሰ ሄደ።"

የአጎቴ ልጅ ዮሐንስ መሆን አለበት። ከቁስለኞቹ መሃል ከሌለሁ ሌላ የት ልኖር ነው?

ከዘበኛው ስልክ ተዋስኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጉድ ልንገራችሁ፤ በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ የአዬን። የጋሼ ጳውሎስም፣ የዮሐንስም፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስቴርም ቁጥር የተሰባበረው ስልኬ ውስጥ ነው። የአዬ ደግሞ ዝግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አጥፍታ አልጋዋ ላይ ትታው ነው የምትሄደው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

ሰዓቱን አየሁ፣ አምስት ሰዓት ከሃያ። ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ምስጋናዋን አያቋርጧትም። መንገድ ላይም አይነግሯትም፣ በባዶ ሆዷም አይነግሯትም። ስድስት ላይ ፕሮግራሙ ያልቃል፣ ቤቷ ይወስዷታል፣ እህል ቅመሺ ይሏታል። ጎረቤት ቀስ እያለ በአካባቢው ይሰበሰባል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይገቡና ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሐኪሙ ነግሮናል።

እየሮጥኩ ወጣሁ። በር ላይ ሞተር የሚነዳ አንድ ወጣት ቆሟል፣ ስሙ በኋላ እንዳወቅኩት ተመስገን ነው።

"ኢሻ፣ ወዴት ነህ?" አለኝ። ኢሻ ወንድሜ ማለት ነው።

"በዴሳ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው።"

"ምን ሆና?"

"እኔ ሞቼ።"

ከላይ እስከታች አየኝ። በአጭሩ ነገርኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ሞተሩን አስነሳና "ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ" አለ።

ዝናብ ጀመረን። ተመስገን ፍጥነቱን ሲቀንስ ጀርባውን እመታዋለሁ፣ ሲጨምር ደግሞ "ጌታ ሆይ" እላለሁ። አንድ ኩርባ ላይ ጭቃው አንሸራቶን ወደቅን። እኔ ክርኔ ተላጠ፣ የቀሚሱ ጋዜጣ ተቀደደ። ሞተሩ አልነሳ አለ። ተመስገን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ረገጠው። እኔ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ፣ በሕይወቴ ያረፈድኳቸው ቀጠሮዎች ሁሉ ተሰልፈው ይታዩኛል። ያስጠበቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ዛሬ ይፍረዱብኝ፣ ግን ይቺን ብቻ ልድረስ እያልኩ ለመንኩ። በስድስተኛው ተነሳ።

ወደ በዴሳ ስንቃረብ መንገዱ በሰው ተሞላ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በላስቲክ ሸፍነው ዝናቡን የሚሸሹ ሰዎች ናቸው። የየቤተ ክርስቲያኑ ፕሮግራም አልቋል ማለት ነው። ሰዓት ማየት አላስፈለገኝም።

የሰፈራችን መግቢያ ላይ ወረድኩ። የእትዬ አስቴር ግቢ ውስጥ ወንዶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ አንድም የሚያወራ የለም። አጥሩ ሥር የድንኳን ምሰሶዎችና የተጠቀለለ ሸራ ተጋድሟል። የእኔ ድንኳን ነው። ገና አልተተከለም፤ ያልተተከለው ለአዬ ስላልተነገራት ነው። ስላልተነገራት ደግሞ ደርሻለሁ።

እትዬ አስቴር ድስት ተሸክማ ስትወጣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ድስቱን ለቀቀችው። አፏ ሲከፈት አየሁና ዘልዬ በእጄ ከደንኩት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ይበልጥ የገባኝ። እሷ ብትጮህ ግቢው ሁሉ ይጮሃል፣ የደስታ ጩኸት ደግሞ ግድግዳ አልፎ ሲሰማ ከለቅሶ አይለይም። አዬ ሌላ መርዶ አያስፈልጋትም።

"እትዬ አስቴር፣ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ። እንዳይጮሁ አድርጊልኝ። ነግረዋታል?"

አልነገሯትም ስትል ራሷን ወዘወዘች። እንባዋ በጣቶቼ መሃል ይወርዳል። "ሦስቱ ሽማግሌዎች አሁን ገቡ" አለች ስለቃት። "እየበላች ነው።"

በፊት በር ከገባሁ ደጅ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ያዩኛል። በጓሮ ዞርኩ። ከቤታችን ኋላ ያለው እንሰት ዝናብ ጠጥቶ ቅጠሉ ፊቴን እየመታኝ፣ ጎንበስ ብዬ በመሃሉ አለፍኩ። ልጅ ሆኜ ሳጠፋ የምሸሽበት መንገድ ነው። የጓሮ በሩ ጋ ስደርስ ድምፃቸው ይሰማል።

"ምነው አትበሉም?" ትላለች አዬ። "እኔን ብቻ ታያላችሁ እንዴ?"

"እኛ በልተናል። አንቺ ብይ" አሉ ጋሼ ጳውሎስ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም።

"እንድርያስ ዛሬም አረፈደ። አያችሁት ይሄን ልጅ?"

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጋሼ ጳውሎስ ጀመሩ።

"እህቴ፣ ጌታ የሰጠሽን ልጅ..."

በሩን ከፈትኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር። ከአፌ የወጣው ሁልጊዜ አርፍጄ ስገባ የምለው ነው።

"አዬ፣ ትንሽ ቆየሁብሽ። ምሳ አለ?"

ጋሼ ጳውሎስ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። አዬ እጇ ላይ ጎደሬ እንደያዘች ታየኛለች። አጎቴን ዕድሜ ይስጣቸው፣ ሽማግሌነት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

"...ጌታ የሰጠሽን ልጅ፣ ይኸው አመጣልሽ።"

ይህን ብለው ተንበርክከው አለቀሱ። ሁለቱም ሽማግሌዎች ተንበረከኩ። የሚጸልዩ ነው የሚመስሉት፣ ደግሞም እየጸለዩ ነበር። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀስ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነስቶ ሲሄድ ተሰማኝ፣ አየር ጣፈጠኝ።

አዬ ግን ተቆጥታለች። "ሰው ሁሉ ምስጋናዬን ሰምቶ አለቀሰ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ። አንተ ብቻ የለህም። ይሄ ጭቃ ምንድነው? እጅህ ላይ ያለውስ?"

"ቀሚስሽ ነው።"

"ለምስጋናው አልነበር?" ጋዜጣውን ገልጣ በጭቃ የተለወሰውን ጨርቅ አየችው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካች። "ቁልፉስ ጥሩ ተተክሏል" አለች።

እትዬ አስቴር ደጅ ላሉት ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፣ ግን ቀስ በቀስ ገቡ፣ እየሳቁም እየተናፈጡም። ለለቅሶ የመጣው ቆጮና ጎደሬ ለምስጋና ተበላ። ዝናቡ እስኪያባራ በር ላይ የቆመውን ተመስገንን አስገብተው ከእኔ በላይ አከበሩት። አንዷ ሴት እየመጣች ጉንጬን ትነካኛለች፣ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትነካኛለች። ሸራውንና ምሰሶውን ማን እንዳነሳው ሳላይ ጠፋ።

እንግዳው ሲመናመን ጋሼ ጳውሎስ እንሰቱ ጋ ወሰዱኝ።

"ሰውየው 'ብዙም አይደለም' አለኝ" አሉ። "እናትህ ምስጋና ስታቀርብ እኔ ከመድረኩ ሥር ነበርኩ። 'ልጄ ይመጣል ብሎኝ አርፍዷል፣ ሁሌም እንዲህ ነው' ስትል ቤተ ክርስቲያኑ ለቅሶ ሆነ። ከእሷ በቀር ያልሰማ አልነበረም። ምስጋናዋ የነካቸው መስሏት እጇን ዘርግታ ባረከቻቸው።"

"ሰውየው እኮ እውነቱን ነበር የነገረዎት፣ ጋሼ።"

"እውነቱን እንደሆነ በምን ልወቅ? ለአባትህ ጊዜ እኔስ ያንኑ አይደል ያልኩህ?"

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ እንደ ውል። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤተሰብ የታመመው ታመመ፣ የሞተው ሞተ ይባላል። ሰውን አስቀምጠን፣ እጁን ይዘን እንነግረዋለን። ግን እውነቱን።" ይኸው ውሉ እስካሁን ጸንቷል። አሁን ጋሼ ጳውሎስ ደውለው "አክስትህ ጉንፋን ይዟታል" ሲሉኝ አክስቴ ጉንፋን ይዟታል ማለት ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የሞከረው ያውቀዋል።

ሰኞ ክፍል ገባሁ፤ ከደወሉ በፊት። ተማሪዎቹ በር የተሳሳትኩ መስሏቸው ነበር። ሰሌዳው ላይ ያንኑ አባባል ጻፍኩና ሕይወትን ጠራኋት።

"ዓርብ ልክ ነው ያልኩሽ ልክ አይደለም፣ ይቅርታ። ደወል ሲደወል ክፍል ከገባሽ 'ኦን ታይም' ገባሽ ነው የሚባለው፣ ያልቃል። 'ኢን ዘ ኒክ ኦፍ ታይም' ለማለት ግን ከበሩ ኋላ የሚጠፋ ነገር መኖር አለበት። ትንሽ ብትዘገዪ የማይመለስ ነገር። አደጋው ሊደርስ ሲል፣ የመጨረሻዋ ቅጽበት ላይ ስትደርሺ ነው። የሚጠፋ ነገር ከሌለ አባባሉን አትጠቀሚበት፣ ያለ ቦታው ነው።"

"ምሳሌ ይስጡን፣ ቲቸር" አለች፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

ሰጠኋቸው። ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወሉ ሲደወል የተነሳ ተማሪ አልነበረም። ሕይወት ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ሳርም ያን ቀን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ "መምህራችን እናታቸው ቤት ኢን ዘ ኒክ ኦፍ ታይም ደረሱ" ይላል። ምልክት አደረግኩበት።

አዬን በተመለከተ፣ ልቧ እስኪጠና እንዳንነግራት ተማክረን ነበር። አዎ፣ ውላችንን በገባን ማግስት ማለት ነው፤ ሰው ወዲያው አይለወጥም። ከአራት ወር በኋላ ሐኪሙ "አሁን ደህና ናት" ሲለን ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሚኒባሱን፣ አቶ ደሳለኝን፣ ሸራውን። ያን ቀሚስ ለብሳ ነበር። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠችኝም።

"አውቄ ነበር" አለች።

"ምኑን?"

"እህል ቅመሺ እያሉ ሦስት ሽማግሌ ፊቴ ሲደረደሩ የማላውቅ ሞኝ ነኝ? ለአባትህ ጊዜም እንደዚሁ ነው ያበሉኝ። ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ፣ የሌለህም አንተ ብቻ ነበርክ።" ቀና ብላ አላየችኝም፤ የቀሚሷን ቁልፍ ትነካካለች። "እስክበላ ይጠብቃሉ፣ እንግዲያው በልቼ አልጨርስም ብዬ አንዷን ጎደሬ ዝም ብዬ አላምጥ ነበር። ያቺን ከዋጥኩ ይነግሩኛል። ልቤ መምታቱን ሊተው ሲል የጓሮ በር ተከፈተ።"

እጇን ያዝኩ። እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ የምትወዱትን ሰው ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፣ አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ሰው። ስትደውሉም እውነቱን ንገሩ። እኔ ደግሞ ከዚያ እሁድ ወዲህ አዬ ጋ የምሄደው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው። በፊት በር እገባለሁ፣ እሷም ታየኝና "ምነው፣ ምን ተፈጠረ?" ትለኛለች።

"ምንም" እላታለሁ። አሁን ምንም ስላት ታምነኛለች።